ሰብስቤን ወርቅ ያደረግኩበት ዓመት

የጡረታ ወረቀቴን ከተቀበልኩ አምስት ወር ሆነኝ። ገና ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ በፈቃዴ ነው ቀደም ብዬ የወጣሁት። ለምን ወጣህ ለሚለኝ እንደ ጠያቂው ዓይነት መልስ አዘጋጅቻለሁ። ለሐኪሜ፣ «ጉሮሮዬ በጠመኔ ብናኝ ተለስኗል፤ የቀረው ቀለም መቀባት ነው» ብዬዋለሁ። ለባለቤቴ፣ «አንቺን አይቼ ስላልጠገብኩ ነው» ብላት ግንባሬን በእጇ ዳሰሰችና ትኩሳት እንዳለኝ አጣራች። ለጎረቤት ደግሞ፣ «ይሄ ሰውዬ አንድ ዓመት ከጨመረ አገሩ በሳይንቲስት ተጥለቅልቆ ዳቦ ጋጋሪ ይጠፋል ተብሎ ነው» እላለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። ስለ ደሞዙ ብዙ አልልም፤ በየወሩ መጥቶ ሰላም ብሎኝ ይሄድ ነበር፣ ቁጭ በል ቢሉት እሺ አይልም። ስለ ወረቀቱም ቢሆን፣ የዕለት ትምህርት ዕቅድ በሦስት ኮፒ እናስገባ ነበር። አንዴ ማን እንደሚያነበው ለማወቅ መሃሉ ላይ የሽሮ አሠራር ጽፌ ባስገባ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ተፈርሞበት ተመለሰልኝ። ስለዚህ ወረቀቱን እንተወው። ለመጻፍ የተነሳሁት ስለ አንድ አስተማሪዬ፣ ስለ አንዲት ተማሪዬና ስለ አንድ ትልቅ ጥፋቴ ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል የሚያስኬድ ቆላ ከተማ ነበር። ሙቀቱ ከመክፋቱ የተነሳ ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ቤተ ሙከራ የሚባለው አንድ ቁምሳጥን ሲሆን ውስጡ አንድ ቢከር፣ ሁለት የሙከራ ቱቦና አንዲት ድመት ከነልጆቿ ነበሩበት። ቢከሩንም ዳይሬክተራችን ማር እየለኩበት ይመልሱት ስለነበር፣ ተማሪዎቼ በዓለም ላይ ያለ ፈሳሽ ሁሉ ጉንዳን ይወጣበታል ብለው ነው የተመረቁት።

እዚያ ንጥረ ነገሮችን የማስተምረው በዜማ ነበር። ክፍሉ በሙሉ እያጨበጨበ ሃይድሮጂን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም እያለ ይወርዳል። ለጆሮ ደስ ይላል። ነገር ግን አንዱን አስነስቼ «አሥራ ሰባተኛው ማን ነው?» ያልኩት እንደሆነ ከሃይድሮጂን ተነስቶ እስኪደርስ ደወል ይደወላል። አንዱ ልጅ ጭራሽ መሃል ላይ ስለተደናቀፈ፣ «ቲቸር፣ ከመጀመሪያው ልነሳ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዜማ ወረፋ ያስይዝሃል እንጂ አድራሻ አይሰጥህም። ያን ጊዜ አላወቅኩም፣ አድራሻ የሚሰጥ ሰው መርካቶ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ ተዛውሬ አማኑኤል ሰፈር አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ገባሁ። ቤቴ ተክለ ሃይማኖት ስለነበር ጠዋትና ማታ መርካቶን እየሰነጠቅኩ ነው የምመላለሰው። እንዲህ ስመላለስ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን የቤተ ሙከራችን መደገፊያ ብረት ብሎኑ ወለቀና ልገዛ ወደ አንድ ብሎን ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለቤቱ ጋሽ ሽኩር ይባላሉ። ቀጭን፣ ኮፍያቸው እስከ ቅንድባቸው የወረደ ሽማግሌ ናቸው። ሱቃቸው ከኮፍያቸው ብዙም አይሰፋም፤ ውስጡ ያለው ብሎን ግን ቢፈታ ከተማውን በሙሉ አሥሮ ለቢሾፍቱ ይተርፋል። አንድም ሳጥን ላይ ጽሑፍ የለም።

«ስድስት ሚሊ፣ አጭር፣ ጭንቅላቱ ክብ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፈገግ አሉ። «ሙሽራዋ ጋ ነው» አሉና ጨለማው ውስጥ ገብተው፣ ከሦስተኛው ክምር ሥር የቀለም ቆርቆሮ ጎትተው፣ ብሎኑን ይዘው ወጡ። ከመጨፈን እስከ መምጣት አንድ ሲጋራ እንኳ አይለኮስም።

«የትኛዋ ሙሽራ ጋሼ?»

«አታያትም እንዴ? እዚያ ጥግ ቬሏን ከግድግዳ ጋር በብሎን ቸንክረውባት ቆማ ትነፋረቃለች! የቸነከሯት በስድስት ሚሊው ነው።» አሉና ሳቁ። «አሥር ሚሊው አጠገቧ ነው፤ ሚዜው በአፍንጫው ሰክቶታል። ምን ያስቅሃል? አንተም እኮ ከእንግዲህ አትረሳውም።»

እውነታቸውን ነው፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ እሳቸው ሱቅ ደጃፍ የማልቀመጥበት ቀን የለም። ልማዳቸውን እንደ ኬሚካል አጠናሁት። ጠዋት ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት ደጁ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው አየሩን እየነኩ ሱቁን በሐሳባቸው ከቀኝ ወደ ግራ ይዞሩታል፤ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሱበታል። «መሄጃውን ብቻ የሚያውቅ ከአህያ ያንሳል፤ አህያ እንኳ መመለሻዋን ታውቃለች» ይሉኛል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ሳይስቁበት መደርደሪያ ላይ አይወጣም። እያገላበጡ ያዩታል፣ አንድ የማይሆን ነገር ያደርጉታል፣ ይስቁበታል፣ ያስቀምጡታል። በማግስቱ በሐሳብ ይጎበኙታል። ዓርብ ከስግደት መልስ ይጎበኙታል። በወሩ ይጎበኙታል። ከዚያ በኋላ ዕቃው የቤተሰብ አባል ነው።

አንድ ሕግ ነበራቸው። በሐሳባቸው የሚያዩትን የሱቃቸውን ስዕል ነገሩኝ እንጂ እንዳጠናው አልፈቀዱልኝም። «የራስህን ሳል መምህር። የኔ ጥርስ አንተ አፍ ውስጥ አይገጥምም።» እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለትና መስማት ግን ሁለት የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ናቸው።

በዚያ ክረምት መርካቶን የኬሚስትሪ ደብተር አደረግኩት። ነገሩ ራሱ የተመቻቸ ነው። መርካቶ ጫማው በጫማ ተራ፣ ሸራው በሸራ ተራ፣ ቆርቆሮው በቆርቆሮ ተራ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ የንጥረ ነገሮቹ ሠንጠረዥም ጠባያቸው የሚመሳሰለውን በአንድ መስመር ነው የሚያስቀምጠው። ከሲኒማ ራስ በኩል ተነስቼ ወደ ተክለ ሃይማኖት እየወረድኩ መቶ አሥራ ስምንት ደጃፍ ቆጠርኩና በየደጃፉ አንድ አንድ ንጥረ ነገር በሐሳቤ አስቀመጥኩ።

አንደኛው ደጃፍ ላይ ሃይድሮጂን፣ አንዲት ጆንያ ብቻ የተሸከመ ወዛደር፣ ከመቅለሉ የተነሳ እግሩ መሬት አይነካም። ሁለተኛው ላይ ሂሊየም፤ የዚያ ሱቅ ባለቤት መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን የብርድ ልብስ ነጋዴ ስለሆነ እንደ ፊኛ አንሳፍፌ በሲባጎ ከበሩ ጋር አሰርኩት። ሦስተኛው የሞባይል ባትሪ ጠጋኝ፣ ሊቲየም። ስድስተኛው ከሰል ሻጭ፣ ካርቦን። ዘጠነኛዋ፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እጅጌውን ይዛ «ና ግባ» የምትል ሴት፣ ከተገኘው ሁሉ ኤሌክትሮን የምትነጥቀው ፍሎሪን ሆነች። አሥራ አንደኛው ጨው ነጋዴ ሲያለቅስ እንባው ጨው ጆንያው ላይ ጠብ ይልና ሱቁ በሙሉ ወደ ሰማይ ይፈነዳል፤ ውሃ ሲነካው የሚፈነዳው ሶዲየም ነዋ። አሥራ ሰባተኛዋ በረኪና ሻጭ ክሎሪን። ከሷ ቀጥሎ ያለው ሰላምታ የማይመልስ ኩሩ ሰውዬ ደግሞ ከማንም ጋር የማይዋሐደው አርጎን።

ስዕሎቹን በሙሉ ለተማሪዎቼ ሰጠኋቸው። አዎ፣ የራሴን ስዕሎች። የጋሽ ሽኩርን ሕግ የጣስኩት ያን ጊዜ ነው። ግን ሠራ! ከትምህርት ቢሮ አንድ ሱፐርቫይዘር መጥቶ በሩን ሲከፍት ሃምሳ ስምንት ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል።

«ተኝተዋል እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አይ፣ ገበያ ወጥተዋል።»

ሰውዬው አማኑኤል ሆስፒታል ቅርብ መሆኑን አስታወሰ መሰለኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ለመሞከር ያህል፣ «ቁጥር ሃምሳ?» አለ። የኋላ ወንበር ላይ ያለ ልጅ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ቆርቆሮ! ባለ ሱቁ ላይ ዝናብ እየዘነበበት ነው፣ ድምፁ ይረብሻል» አለ። ሱፐርቫይዘሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስከ ደወል ድረስ አብሮን ገበያ ዋለ።

ችግሩ የመጣው ከነጋዴዎቹ ነው። ተማሪዎቼ ደብተር ይዘው በተራው እያለፉ፣ ነጋዴውን አየት እያደረጉ እየሳቁ መሄድ ሲያበዙ ወሬው ተሰማ። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ወሬ ከሃይድሮጂን ይቀላል። አንድ ቅዳሜ ሳልፍ ተራው በሙሉ ከበበኝ።

«እኔ ምንድን ነኝ?» አለች በረኪና ሻጯ።

«ክሎሪን።»

«ጥሩ ነው?»

«ውሃ ሁሉ ባንቺ ነው የሚጣራው።»

«እልል በሉ!» አለችና ለጎረቤቶቿ ዞር ብላ አንገቷን ሰበቀች። ከሰል ሻጩ ያለ ካርቦን ሕይወት እንደሌለ ስነግረው ለሁለት ሳምንት ያህል ደንበኛ አላናግርም አለ። ሂሊየም ግን ተቀየመኝ። «እኔን በሲባጎ አሰርከኝ አሉ!» እያለ እስከ ፋሲካ አኮረፈ።

ከሁሉም የባሰው ሰብስቤ ነበር። ሰብስቤ ባልዲና ሳፋ ነጋዴ ነው፤ ወንበሩ ላይ አንዴ ከተቀመጠ ለማስነሳት ክሬን ያስፈልጋል። ሱቁ በቆጠራዬ ሰማንያ ሁለተኛው ነበርና እርሳስ አደረግኩት፤ ከባድ፣ ለስላሳ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ። ከሱ ከፍ ብሎ ሰባ ዘጠነኛው ሱቅ ደግሞ ፔርሙስ የሚሸጠው ከድር ነው። ከድር የወርቅ ጥርስ ስላለው ያለምንም ክርክር ወርቅ ሆነ።

ይሄን ሲሰማ ሰብስቤ ከወንበሩ ተነሳ። ያለ ክሬን!

የሰብስቤ እህት እልፍነሽ ትባላለች። ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነበር፣ አባቷ ሲሞቱ ሱቅ ገባች፣ ከዚያ አልወጣችም። ልጆቿ ሲያድጉላት ያ የድሮ ሐሳቧ ተነሳባት፤ ፋርማሲ መማር። የተማሪዎቼን ሳቅ ሰምታ ደጃፍ ላይ ያዘችኝና፣ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ኬሚስትሪ እወድ ነበር፤ እሱ ነው የጠላኝ። ታስታርቀናለህ?» አለችኝ። አንድ የፋርማሲ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ለመቀመጥ ተመዝግባለች። የጽሑፍ አለው፣ የቃል አለው። ከሰብስቤ ጋር የተስማሙት አንድ ዓመት ብቻ እንድትሞክር ነው። ካልተሳካ አዲሱ ሕንፃ ላይ የተከራየውን ሁለተኛ ሱቅ ልትይዝለትና ዳግመኛ ስለ ትምህርት ላታነሳ ቃል ሰጥታዋለች።

ባልዲ እየሸጠች ታጠናለች። «ሃያ ስድስት ብረት፣ አይ እናቴ ትንሹ አለቀ፣ ሃያ ሰባት ኮባልት፣ ክዳኑ ለብቻ አይሸጥም፣ ሃያ ስምንት ኒኬል።» ጭንቅላቷ እሳት ነው። ጊዜ ግን የላትም፤ ሰብስቤ ከሱቅ አይለቃትም።

እናም ያን ቅዳሜ ሰብስቤ በትከሻዬ ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝ።

«ቲቸር፣ ከድር ወርቅ፣ እኔ እርሳስ?»

«ሰብስቤ፣ ይሄ እኮ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው።»

«የጥርስ ነገር ከሆነ እኔም አስተክላለሁ።»

«የወርቅ ቦታ አይሸጥም።»

«መርካቶ ውስጥ የማይሸጥ ነገር ካለ በጣትህ አሳየኝ!» ብሎ ሄደ፤ ሦስት እርምጃ ርቆ ተመለሰ፤ የመርካቶ ሰው ዋጋ ሲከራከር እንዲህ ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወርቅ አድርገኝና እልፌን በሳምንት ሦስት ቀን እለቅልሃለሁ። ሙሉ ቀን።»

እልፍነሽ ከሳፋዎቹ ኋላ ሆና እየሰማች ነበር። ዓይኗን አየሁት። ሦስት ሙሉ ቀን! እኔ ደግሞ በኑሮዬ ሙሉ ዋጋ ጠይቄ አልተሳካልኝም፣ ሲጨምሩልኝ ደነገጥኩ።

«እሺ» አልኩ። «ወርቅ ነህ።»

ከድርን በሐሳብ ወደ ሰማንያ ሁለተኛው ሱቅ አወረድነው፣ ሰብስቤን ወደ ሰባ ዘጠነኛው አወጣነው። ሰብስቤ ወርቅ ተቀብቶ፣ ወርቅ ባልዲ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ የከድር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቃሉን ግን ጠበቀ፤ ሦስት ቀን ለቀቃት። ለሚያልፈው ሁሉም፣ «ወርቅ መሆኔን ሰማህ?» ይላል። እልፍነሽ ስምንት ወር ያለ ዕረፍት ሠራች። የጽሑፍ ፈተናውን በሚገርም ውጤት አለፈች። የቃል ፈተናው ቀን እኔ ከኮሌጁ በር ውጭ ቆሜ የሷን ድል ለማብሰር የምለውን ቃል ስመርጥ ነበር።

ስትወጣ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ሰባ ዘጠኝ አሉኝ ቲቸር። በሐሳቤ ሄድኩ፣ ሰባ ዘጠነኛው ላይ ሰብስቤን አየሁት። እሺ ወርቅ ልል ስል ዞር አልኩ፣ ሰማንያ ሁለተኛውም ላይ ሰብስቤ ተቀምጧል። ሁለት ሰብስቤ! የቱ ነው? እርሳስ አልኩ። አንዱ ፈታኝ፣ ‹ወርቅና እርሳስ የማይለይ ሰው መድኃኒት ቤት ሊቆም?› አለ። ከዚያ በኋላ ሱቆቹ በሙሉ ተዘጉብኝ። አንዱም አልተከፈተም። መርካቶ ተወልጄ፣ መርካቶ ውስጥ ጠፋሁ።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ቀልድ ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ብዙ ተማሪ ወድቆብኛል፤ አንዱ ሳያጠና፣ አንዱ ተኝቶ፣ አንዱ ፈተናው የሌላ አገር መስሎት። እልፍነሽ ግን የወደቀችው የነገርኳትን በትክክል ስላደረገች ነው።

ጋሽ ሽኩር ጋ ሄጄ ተናዘዝኩ። ብሎን እየቆጠሩ አዳመጡኝ።

«ስማ፣ ልጅቷ ከሳምንቱ ግማሹን እዚያው ሰማንያ ሁለተኛው ውስጥ ወንድሟን ስታየው ነው የምትውለው። አንተ ሰባ ዘጠነኛው ነው አልካት። ዓይንና አንተ ስትጣሉ ማን ያሸንፋል?»

«ዓይን።»

«ስዕሉ የሷ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አንተ ልታዛውረው ባልቻልክ። ሰው ቤት ገብተህ ቁምሳጥን አዞርክ። አሁን ይሄን ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሷና ለወንድሟ ንገር።»

ሄድኩ። የአዲሱ ሱቅ ቁልፍ እልፍነሽ ፊት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ቃሏ ቃል ነው፣ ልትወስደው ነው። ለሰብስቤ ሁሉንም ነገርኩት። «እሷ አልወደቀችም» አልኩት። «የወደቅነው እኔና አንተ ነን። እኔ ላዛውር የማይገባኝን አዛወርኩ፣ አንተ ደግሞ ተዛወርክ።»

ሰብስቤ አንዱን ባልዲ አንስቶ ሌላው ላይ ደረበ። አንድ ደንበኛ ባልዲ ጠየቀ፤ አልሰማውም። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ ከዚያ ወፍራም ሰውነት ይወጣል በማይባል ቀጭን ድምፅ፣ «በቃ እርሳስ አድርገህ መልሰኝ» አለ። «አንድ ዓመት ጨምሬላታለሁ። ሦስት ቀን ሳይሆን አራት ቀን። እርሳስ ልሁን።» ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ከተተው።

ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን ነከስኩ። እልፍነሽ ግን አልያዘችም፤ ከስንት ሳምንት በኋላ ሳቀች። ከዚያ እጇን አነሳች። «እርሳስም ወርቅም አትሁኑብኝ። ሁለታችሁም ከጭንቅላቴ ውጡልኝ። የራሴን ነው የምሠራው።»

ከዚያ ወዲያ የኔ ሥራ ዝም ማለት ብቻ ሆነ፤ ይሄ ለኔ ሰልፈሪክ አሲድ ከመጠጣት ይከብዳል። ቁጥር እጠራለሁ፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትመልሳለች። አልፎ አልፎ አርባ ሰባት ስላት ትንፈራፈራለች በሳቅ። «ምን አየሽ?» እላታለሁ።

«ቲቸር፣ ይሄ የሴት ቦርሳ ነው። አይፈተሽም።»

በየት እንደምትሄድ፣ ከየት እንደምትነሳ አላውቅም። የማውቀው ከመቶ አሥራ ስምንት ወደ አንድ እየተመለሰች ስትቆጥር ወደ ፊት ከምትቆጥረው በበለጠ ፍጥነት መሆኑን ነው። ክፍል ውስጥም ከዚያ ዓመት ጀምሮ ስዕል ማከፋፈል ተውኩ። ቁጥሩንና ጠባዩን ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ የቀረውን እያንዳንዱ ከየሰፈሩ፣ ከየቤቱ፣ ከየአክስቱ ያመጣዋል። አንዳንዱን ስዕል ደግሞ ባላውቀው ይሻላል።

ሁለተኛውን የቃል ፈተና ተፈተነች። ውጤቱ የሚለጠፈው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ለብቻዬ ልሂድ ብላ ሄደች፤ እኔ ከሰብስቤ ጋር ሱቁ ውስጥ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ። ሻዩ እጄ ላይ በረዶ ሆነ። አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሰብስቤ አነሳው። አዳመጠ። ስልኩን ዘጋው፣ ተነሳ፣ እኔን ወደ ውጭ አውጥቶ እንባው በጉንጩ እየወረደ የሱቁን የብረት በር ይጎትት ጀመር።

«ሰብስቤ! ምን አለችህ?»

አይሰማኝም። በሩ ግርርር ብሎ ወረደ።

ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መርካቶ ውስጥ ሱቅ የሚዘጋው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። የመጀመሪያው የደረሰው ከድር ነበር፤ ፔርሙስ እንደያዘ። «ማን ነው? እናታችሁ ናቸው?» በረኪና ሻጯ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ደረቷን እየደቃች መጣች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መተላለፊያ ጠፋ። የተራው እድር ሰብሳቢ ጋሽ ሽኩር ናቸውና ምርኩዛቸውን ይዘው ሰው እየከፈሉ ገቡ፤ ድንኳኑም ከኋላቸው በሁለት ወዛደር ትከሻ ደርሷል።

«ልጄ፣ በርታ» አሉት። «ማንን አጣን?»

ሰብስቤ ተነፈሰ። «ማንንም። እልፌን ተቀበሏት። ኮሌጁ ተቀበላት።»

ከድር ፔርሙሱን መሬት አስቀመጠ።

«ታዲያ ሱቁን ለምን ዘጋኸው?» አሉት ጋሽ ሽኩር።

«ምን ላድርግ ታዲያ!» ብሎ ጮኸ ሰብስቤ። «ሐዘን ሲሆን ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ማን ነገረኝ?»

ጋሽ ሽኩር ወደ ወዛደሮቹ ዞሩ። «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ትከሉት!»

ተተከለ። ወንበር መጣ፣ ሳምቡሳ መጣ፣ ለስላሳ በሳጥን መጣ። እኔ ሰብስቤን እያቀፍኩ ስጮህ ልስን ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። በዚያው ሰዓት እልፍነሽ ሲኒማ ራስ ከታክሲ ወርዳ፣ ወንድሟ ለምን ዝም ብሎ ስልክ እንደዘጋባት እያሰላሰለች ወደ ታች ስትወርድ፣ ከሩቅ የሱቃቸው በር ተዘግቶ፣ ደጁ ላይ ድንኳን ቆሞ፣ ሴቶች ነጠላ አዘቅዝቀው አየች። «ወይኔ ወንድሜን! በደስታ ገደልኩት!» ብላ ጮኸች። ጫማዋ አንዱ በየት እንደወለቀ አታውቅም። ሰው እየገፈተረች ድንኳኑን ገልጣ ገባች፤ ሰብስቤ በግራ እጁ ሳምቡሳ፣ በቀኝ እጁ ሳምቡሳ፣ አፉን ሞልቶ ቆሟል።

በቦርሳዋ መታችው። ደገመችው። ሦስተኛውን ልትሰነዝር ስትል እጇ ከዳትና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ድንኳኑ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልፈረሰም። ሳያውቅ የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ይገባል፤ ሳምቡሳ ይዞ፣ እየሳቀ ይወጣል።